ዘጠናው ማርክና ባዶዎቹ ስፍራዎች



ተማሪ የቤት ሥራውን በደብተር ጽፎ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖርበት ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሥራው በኢንተርኔት ተልኮ፣ በኢንተርኔት ታርሞ ይመለሳል። በአገራችን መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ ብዙ ወላጆች ከዚህ አሠራር ጋር በድንገት ተዋውቀዋል፤ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም በልጆቻቸው ትምህርት ምክንያት ያውቁታል። ማርኩ እንዴት እንደሚደመር ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ይህ አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል በምናውቀው አንድ ቤት ከሆነው ነገር ተምረናልና በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በዚያ ቤት አባት የኮሌጅ ተማሪ የሆነች ልጃቸውን «እስቲ ማርክሽን አሳዪኝ» ይሏታል። እርስዋም የእጅ ስልኳን ከፍታ ታሳያቸዋለች፤ ድምሩ 90 ከመቶ ይላል። አባት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ስልኩን መለሱላት፤ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻም ዳግመኛ አልጠየቁም። የመጨረሻው ውጤት ሲወጣ ግን የዚያው ትምህርት ማርክ 36 ሆኖ ተገኘ። አባት ልጃቸው የተበደለች መስሏቸው ወደ መምህሩ ሄዱ።

«መምህር፣ ዘጠና የነበረው በምን ምክንያት ሠላሳ ስድስት ሆነ?»

«አባቴ፣ እርስዎ ያዩት የታረመውን ብቻ ነው፤ ያልመጣውን አላዩትም» አለ መምህሩ።

መዝገቡንም ከፍቶ አሳያቸው። የታዘዙት ሥራዎች 5 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ100 ይታረማሉ። ልጅቱ ያስረከበችው 2 ብቻ ነበር፤ በሁለቱም 90፣ 90 አግኝታለች። የሦስቱ ስፍራ ባዶ ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ መምህሩ በባዶዎቹ ላይ ዜሮ ጻፈ፤ ከ500 የተገኘው 180 ሆነ፤ ይህም ከመቶ 36 ነው።

እንግዲህ መምህሩ አልበደለም፤ መዝገቡም አልዋሸም። ሥራው ይላክበት የነበረው ሙድል በተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት ነው። ይህን የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዕትም በ1994 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይገለገሉበታል። መምህሩ ካልለወጠው በቀር፣ ማርክ ያልተጻፈበትን ሥራ ከድምሩ ውስጥ አያስገባም። ምክንያቱም መልካም ነው፤ ቀኑ ያልደረሰ ሥራ እንደ ዜሮ ቢቆጠር ትጉህ ተማሪ እንኳ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የወደቀ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላም ባዶው ባዶ እስከሆነ ድረስ ድምሩ የሚናገረው ስለ ተሠራው ብቻ ነው።

በዚሁ ሥርዓት ለአንድ ሥራ ሁለት ቀኖች ሊወሰኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው የማስረከቢያ ቀን ነው፤ ይህ ካለፈ ሥራው ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል እንጂ አይከለከልም። ሁለተኛው የመዝጊያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ለታመመ ወይም ኀዘን ለደረሰበት ተማሪ መምህሩ ለብቻው ቀን ሊጨምርለት ይችላል፤ ችግሩን ካልነገሩት ግን ከወዴት ያውቃል? «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጎግል ክላስሩም በሚባለውም፣ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ፣ ልጁ ያላስረከበውንና ወደፊት የሚያስረክበውን ሥራ የሚዘረዝር ማስታወሻ ለወላጆች በኢሜይል ይላካል። ይህን የማይቀበሉ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ሰምተው በዚያው ያርሙታል። ባዶውን የመጣ ተማሪ መደበቂያ የለውም፤ ዝምታው ይሰማልና። በኢንተርኔቱ ግን ባዶው ስፍራ ድምፅ የለውም፤ ያን ዝምታ ማድመጥ የወላጅም ድርሻ ሆኗል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስም ቢሆን፣ ከልጃችን ጋር ተቀምጠን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ምን ታዘዘ? ምን ተላከ? መምህሩስ ምን ብሎ አረመ? ማርኩ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። ለ60 ተማሪዎች 5 ሥራ የሚያርም መምህር 300 ጽሑፍ ያነባል፤ እንዲህ ደክሞ የጻፈውን እርማት ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መዝጋት ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው። ባዶውን ስፍራ በአባት እጅ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ መሙላትም ከባዶው ይከፋል፤ ባዶው የጎደለውን ይናገራል፣ ይህ ግን ሐሰትን ያስተምራል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ልጅቱ ኋላ ስትጠየቅ፣ አንዱ ሥራ ስላልገባት አዘግይታው ቀኑ እንዳለፈባት፣ ሁለቱም በዚያው እንደተከተሉ ተናገረች። «አባባ፣ በዘጠናው ደስ ሲልዎት አይቼ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ» አለቻቸው። አባትም ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አሏት።

በወንጌል መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ለጌታው ያቀረበው ምክንያት ፍርሃት እንደ ነበረ እናስታውስ። ልጆቻችንም የሚቀብሩት ብዙ ጊዜ ከፍርሃት የተነሣ ነው። እንግዲህ ቤታችን ልጅ ዘጠናውን ብቻ ሳይሆን ባዶውንም ያለ ፍርሃት የሚያሳይበት ቤት ይሁን። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብ ያሳድግልን።