በባሕር ጠረፍ የተጻፈ መጽሐፍና የቦረና ቁልቁለት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ፥ ከመካነ ሰላምም ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ነፍሱን ለሁለት ነገሮች አደራ ይሰጣል፤ ለሾፌሩ ጠባይና ለመኪናው ፍሬን። ስለ ሾፌሮች ጠባይ በየጊዜው ብዙ ተብሏል። ስለ ፍሬኑ ግን፥ በተለይም የሾፌሩን እግር ስለሚያግዘው የማይታይ ኀይል፥ እኛ ተማሪዎች ዝም ብለናል። ዝምታችን ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ነገሩን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን፥ ተፈትነንበት አልፈናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ለፈተና ያጠናነው ትምህርት ከጋራዡ በር ላይ ቆሞ የቀረው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

ነገሩ ቫኪዩም የሚባለው ነው። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ ፒስተኖቹ በወረዱ ቁጥር አየር ይስባሉ፤ ዳሩ ግን የካርቡራቶሩ መዝጊያ መግቢያውን ስለሚያጠበው ከመዝጊያው በታች ባለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል። የቀድሞ መሐንዲሶች ይህን በነጻ የተገኘ መሳሳት እንደ አንድ ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ቀጠሩት። በአሮጌዎቹ ዊሊስ ጂፖች ላይ የዝናብ መጥረጊያውን የሚያወዛውዘው እርሱ ነው፤ በብዙ መኪናዎች ዲስትሪቢዩተር ጎን ባለችው ክብ ቆርቆሮ አማካይነት የእሳቱን ሰዓት የሚያስቀድመው እርሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት በተቀመጠው ሰርቮ ውስጥ የሾፌሩን እግር የሚረዳው እርሱ ነው። ሰርቮውን አንድ የጎማ ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ወገን አየሩ ተመጥጧል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ በሌላው ወገን የውጭ አየር ይገባና ሽፋኑን ይገፋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሥራውን የሚሠራው ባዶው ቦታ ሳይሆን የውጭው አየር ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ሜርኩሪ በመስተዋት ቧንቧ አቁሞ፥ የሰው ልጅ በአየር ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር አስረዳ። በ1648 ደግሞ የፓስካል እኅት ባል ፔሪዬ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ በፈረንሳይ አገር ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጣና፥ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ እንደሚል አየ። ያ ተራራ 1,465 ሜትር ገደማ ነው። መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የቦረና ገበሬ በየቀኑ የሚውለው ፔሪዬ ከደረሰበት ጫፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ማለት ነው! በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ በዚያ ከ550 ብዙም አያልፍም፤ ከአየሩ ግፊት ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ሰርቮው ሊሰጥ የሚችለውም እርዳታ በዚያው መጠን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በበለጠ፥ ይጎድላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። የጥገና መጻሕፍቱ የተጻፉት ዲትሮይትንና ኮቨንትሪን በመሳሰሉ ዝቅተኛ ስፍራዎች ላሉ ሰዎች ነው። ጤነኛ ሞተር በዝግታ ሲሠራ የቫኪዩሙ መለኪያ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት እንዳለበት ያስተምራሉ። ነገር ግን በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ሒሳቡን ለአዲስ አበባ ብንሠራው ከ7 ኢንች በላይ፥ ለመካነ ሰላም ብንሠራው ከ8 ኢንች በላይ ይሆናል። ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ 12 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። መጽሐፉን እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ቫልቮቹ ተበልተዋል ብሎ ሞተሩን ያስወርዳል፤ ባለ መኪናውም ላልታመመ ሞተር የመታከሚያ ይከፍላል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ደግሞ የባሰ ነው፤ ይኸውም ፔዳሉ ሲደነድን «የአገሩ ጠባይ ነው» ብሎ በእውነት የተቀደደውን ቱቦ ችላ ማለት ነው። ሁለቱም ስሕተቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» እንደሚባለው፥ ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ ትርፉ ወጪ ነው። ሰርቮ ከመግዛት በፊት ሳንቲም የማይጠይቁ ሦስት ምርመራዎች አሉ። አንደኛ፥ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ መርገጥ፤ ሲደነድን እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ እርዳታው ደርሷል፤ ንቅንቅ ካላለ ግን ወይ ቫኪዩሙ ወደ ሰርቮው አልደረሰም፥ ወይም ሰርቮው ራሱ ተበላሽቷል። ሁለተኛ፥ ሞተሩን ጥቂት አሠርቶ ማጥፋትና አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መርገጥ፤ የመጀመሪያው አረጋገጥ ለስላሳ ካልሆነ፥ አየሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ትንሽ ቫልቭ ወይም ከሰርቮው ጋር ያለው መገጣጠሚያ ያስገባል። ሦስተኛ፥ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ እንደ ያዙ ማጥፋት፤ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ፔዳሉ እግርን ወደ ላይ ከገፋ ጉድለቱ ከቫልቩ ወይም ከሰርቮው ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይን፥ በእጅና በጆሮ መከተል ነው። የሚያፏጭ ድምፅ፥ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ጎማ፥ የላላ ማሠሪያ ሁሉ ምስክር ነው። በተለይ አንድ ነገር እንጠንቀቅ፤ የተቀደደውን ቱቦ በውሃ ጎማ መተካት መፍትሔ አይደለም። የውሃ ጎማ የተሠራው ከውስጥ ሲገፉት እንዲችል ነው፤ ሲመጠጥ ግን፥ በተለይ ሞተሩ ሲሞቅ፥ ግድግዳው ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። መኪናው ጋራዥ ደርሶ ሲቀዘቅዝ ጎማው ተመልሶ ይከፈታል፤ ሜካኒኩም ምንም ጉድለት አያገኝም። ስለ ዝናብ መጥረጊያውም እንዲሁ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የሚያዘግም ከሆነ፥ መዝጊያው ስለ ተከፈተ ቫኪዩሙ ወድቆ ነውና እግርን ለአፍታ ማንሣት ይበቃዋል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራም ከቆመ ግን ቱቦው ይታይ።

አሁን ወደ ሕይወት ጉዳይ እንመለስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መልቀቅ የሚባል ልማድ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ በሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ለሁለት ወይም ለሦስት አረጋገጥ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ የሚወስደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሦስት አረጋገጥ የትኛውን ጠመዝማዛ ያሳልፋል? ይህ የአሮጌ ቤንዚን መኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የተለመደው ዲዝል ሞተር አየሩን የሚያጠብ መዝጊያ ስለሌለው ቫኪዩሙን የሚያገኘው ከፓምፕ ነው፤ በብዙዎቹ ዲዝል ሃያሶችና ላንድክሩዘሮች ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ይዞራል። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። በከባድ ማርሽ መውረድ ግን ሞተሩን ራሱን ፍሬን ያደርገዋል፤ ቫኪዩሙም አይቋረጥም።

የወሎ ደጋ ቁልቁለትን በቀላሉ የሚረሳ አገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ድካሙ ዳገቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ ማውረዱም መንገድ ማስጠረግንና የብዙ ሰው ጉልበትን ጠይቋል። ያን ጊዜ ፍሬኑ የሰው ክንድ ነበር። ዛሬ የሰውን ክንድ በአየር ግፊት ተክተናል፤ የአየሩን ጠባይ ማወቅ ግን አልጨመርንበትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገር ግን ክልከላው የሚነካው የሚገባውን እንጂ የገባውን አይደለም። አዲስ መኪና ካልገባ አሮጌው ይበልጥ ያረጃል፤ ጎማውም ይበልጥ ይደርቃል፤ ምርመራውም ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚያም ላይ ከኤሌክትሪክ መኪናዎች አንዳንዶቹ ይኸንኑ ሰርቮ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ያሠሩታል። ሌሎች ደግሞ «ሜካኒክ ልምድ እንጂ ቲዎሪ አያስፈልገውም» ይላሉ። ይህ ንግግር ሜካኒኩን የሚያከብር መስሎ ይንቀዋል። በድምፅ ብቻ ሞተር የሚለይ ሰው የሜርኩሪን ቁመት መረዳት ያቅተዋልን? ያጣው አእምሮ አይደለም፤ ለራሱ ከፍታ ተሰልቶ፥ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የኢንጂኔሪንግና የቋንቋ ተማሪዎች ተገናኝተው ያን አንድ ገጽ እንጻፍ። ሦስቱ ምርመራዎች፥ የየከተማው የቫኪዩም ልክ፥ ሞተር አጥፍቶ የመውረድ አደጋ ይግቡበት። ቃላቱን ግን ከመዝገበ ቃላት ፈልፍለን አናውጣ፤ ጋራዥ ገብተን ከሜካኒኮቹ አፍ እንልቀም፤ ረቂቁንም እነርሱ ያርሙት። መቅደላ አምባ ዩኒቨርስቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ እዚያ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመስኮታቸው የሚያዩት ተራራ ራሱ ላቦራቶሪ ነው፤ መጀመሪያውን እነርሱ ቢይዙት ደግ ነው። ወረቀቱ ከክረምቱ በፊት በየመናኸሪያው ይለጠፍ።

መጽሐፍን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩም ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ መውጣት አለበት። ይህን ካላደረግን የተማርነው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፥ ለቦረና መንገደኛ ግን ሐሰት ሆኖ ይቀራል።