ለአውሮፕላን ሜዳ ግጦሽ ሲጠየቅ

የአየር ሽርሽር ነጋዴ ትኬቱን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሊሸጥ ይችላል፤ መነሻ ሜዳ የሚያገኘው ግን ከገበሬው ዘንድ ነው። ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ፖቴዝ 25 ባለ ድርብ ክንፍ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1979 ዓ.ም. የገጣጠመው የጸረ ተባይ መርጫ «እሸት»ም እንዲሁ። ድርብ ክንፉ በዝግታም ስለሚያነሳው አጭር የሣር ሜዳ ይበቃዋል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ያ ሜዳ የከብት ግጦሽ ነው።

ሥራው አይጠላም። የበረራው ፈቃድ የሲቪል አቪዬሽን ጉዳይ ቢሆንም የግጦሹ ጉዳይ የማኅበሩ መሪዎች ኃላፊነት ነው። ኪራዩና የጉዳት ካሣው በጽሑፍ ሳይሰፍር፣ ጠቅላላ ጉባዔውም ሳይመክርበት ሜዳው መለቀቅ የለበትም። በክረምት ሜዳው ስለሚጨቀይ በረራ አይታሰብም፤ ሣሩ የሚያድገውም ያኔ ነው። ስለዚህ ውሉ ለበጋው ወራት ብቻ ይሁን።