የአዳራሹ ቁልፍ ለእድሮች



ከተማችን ጎንደር የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። ደለሉ ከሩቅ አልመጣም፤ ከግድቡ በላይ ዛፉ ካለቀበት ተዳፋት ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚያወርደው አፈር ነው። ላይ የሚያርሰው ገበሬና ታች ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ነዋሪ ተቀምጠው ካልተመካከሩ መፍትሔ አይገኝም። የት ይቀመጡ? የቀበሌ አዳራሽ የሚከፈተው ካድሬ ሲጠራ እንጂ ሕዝቡ ሲፈልግ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነገረን። መትከሉን አንነቅፍም። ከብት እንዳይበላው ማን ይጠብቃል፣ በበጋ ማን ያጠጣል የሚለውን ግን የጠየቀን የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እኮ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ላይ እንዲመክርና ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቶታል!

ስለዚህ ብትመርጡን የየቀበሌውን አዳራሽ ቁልፍ ለእድሮች እናስረክባለን። ስለ ውኃ፣ ስለ ዛፍና ስለ ቆሻሻ ለመምከር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የላይኛው ተፋሰስ ገበሬዎችም በስብሰባው ወንበር ይኖራቸዋል። መስከረም በጠባ ቁጥር የአንገረብ ደለል ተለክቶ ውጤቱ በአዳራሹ ግድግዳ ይለጠፋል፤ የውኃ አገልግሎቱም ኃላፊ መጥቶ ይጠየቃል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አንሠራም፤ ያሉት አዳራሾች ይበቃሉ።