ገጹን ጠቅጥቀን አንሙላው

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ጉዳይ ብዙዎቻችን በፈተና ተጠይቀነው የማናውቀው፣ ሥራ ላይ ስንወጣ ግን ቀድሞ የሚጠይቀን ነገር ነው። ይኸውም በዳታቤዝ ውስጥ ያለ መረጃ በተሻሻለ ቁጥር ዲስኩ ላይ የሚፈጠረው መበታተን ነው።

ነገሩን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ለአፓረንትሺፕ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቢን ካርድ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ፕሮግራም በፖስትግሬስ ሠራሁ። ሞዴል 22 በተቆረጠ ቁጥር የዕቃው ከወጪ ቀሪ ይሻሻላል፣ መጨረሻ የተነካበት ሰዓትም ይመዘገባል። ፍለጋው ይፍጠን ብዬ ያገኘሁትን ዓምድ ሁሉ ኢንዴክስ አደረግሁ። አውቶቫኪዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ ማሽኑን ያዘገያል ሲሉ ሰምቼ እሱንም አጠፋሁት። ምን ችግር አለው? ዕቃው ከጥቂት ሺህ አይበልጥ!

ወራት ሲያልፉ ፕሮግራሙ ማዝገም ጀመረ። ሠንጠረዡን ባየው ረድፉ ያው ነው፣ ዲስክ ላይ የያዘው ቦታ ግን ብዙ እጥፍ ሆኗል። ደንግጬ በሥራ ሰዓት ቫኪዩም ፉል አዘዝኩ። ይህ ትእዛዝ ሠንጠረዡን እንደገና ጽፎ እስኪጨርስ ማንም እንዳያነበውም እንዳይጽፍበትም ይቆልፈዋል። መስኮቱ ላይ ሰው ተሰለፈ። አንጋፋው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ካርዱ እኮ ተቆልፎ አያውቅም» አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ፖስትግሬስ የሚሠራው ልክ እንደ ቢን ካርዱ ነው። የድሮውን ቁጥር አይፍቅም። ሌላ ሰው እያነበበው ሊሆን ስለሚችል አሮጌውን ረድፍ እዚያው ትቶ አዲስ ቅጂ ይጽፋል። አንዷን ቁጥር ብቻ ብንለውጥም አዲስ የሚጻፈው ረድፉ ነው። የሞተውን ቅጂ ኋላ የሚያነሳው ቫኪዩም ነው፤ እኔ ደግሞ እሱን አጥፍቼዋለሁ። በዚያ ላይ አዲሱ ቅጂ ሌላ ገጽ ላይ ካረፈ እያንዳንዱ ኢንዴክስም አዲስ ምልክት ይጨመርበታል።

ደግነቱ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በስሪት 8.3 ሆት የተባለ ዘዴ ገባ። አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ካረፈ ኢንዴክሶቹ አይነኩም፤ የሞተውም ቅጂ ገጹ በሚነበብበት ጊዜ፣ ቫኪዩምን ሳይጠብቅ ሊጠረግ ይችላል። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። አንደኛ፣ የተለወጠው ዓምድ በተለመደው ዓይነት ኢንዴክስ ውስጥ መኖር የለበትም። ሁለተኛ፣ ገጹ ላይ ቦታ መኖር አለበት። ገጹ ደግሞ 8 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ምንም ካላልነው ፖስትግሬስ ሠንጠረዡን 100 በመቶ ጠቅጥቆ ይሞላዋል። ፊልፋክተርን 80 ብንለው ግን አዲስ ረድፍ ሲገባ ከየገጹ 20 በመቶው ለነገ ማሻሻያ ይቀመጣል። ኦራክልም ለዚሁ ጉዳይ ፒሲቲፍሪ የሚል ቅንብር አለው፤ እሱ ካልነገሩትም 10 በመቶ ይተዋል።

እኔም አውቶቫኪዩሙን መለስኩ፣ ማንም የማይፈልግበትን የሰዓቱን ኢንዴክስ ሰረዝኩ፣ ፊልፋክተሩን 80 አደረግሁ። ቅንብሩ የቆዩትን ገጾች በራሱ ስለማይለውጥ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጊዜ ቫኪዩም ፉል አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ባለበት ረግቷል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዲስክ ረክሷል፣ ኤስኤስዲም መጥቷል፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ዲስክ ረክሷል። ነገር ግን ዳታቤዙ የሚያነበው በረድፍ ሳይሆን በገጽ ነው። ገጹ ግማሹ ሬሳ ከሆነ ሚሞሪውንም ሬሳ ይይዘዋል። ደግሞ ፊልፋክተርን ለሁሉም አንቀንስ፤ መረጃ የሚጨመርበት እንጂ የማይሻሻል ሠንጠረዥ ላይ ክፍት ቦታ መተው ብክነት ነው።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ በዳታቤዝ ኮርሳችን ላይ አንድ የላብ ልምምድ ቢጨመር መልካም ነው። አንድ ሠንጠረዥ መቶ ሺህ ጊዜ እናሻሽል፤ ከዚያ ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስ ከሚባለው እይታ ስንቱ ማሻሻያ በሆት እንዳለፈ እንቁጠር። ከዚያ ፊልፋክተሩን ቀይረን እንድገመው። ኖርማላይዜሽንንም ያን ጊዜ በደንብ እንረዳዋለን፤ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠውን ቀሪ ከረጅሙ የዕቃ መግለጫ ለይቶ በጠባብ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም በዓይናችን እናያለንና። የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ይህን ብታስቡበት እላለሁ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ሠንጠረዡን ስንፈጥር የምናስባት አንዲት መስመር ኋላ መስኮት ላይ ከሚሰለፍ ሰው ታድነናለች። ቸር እንሰንብት።