ባሕር ዳር እና አዲስ አበባ፦ የአንድ ሰዓት በረራ፣ የሙሉ ቀን መንገድ

ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት በቀጥታ ሲለካ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው የየብስ መንገድ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሙሉ ቀንም ይፈጃል።

የልዩነቱ ዋና ምክንያት መልክዓ ምድሩ ነው። የቀጥታ መስመሩ የጮቄን ተራሮች አቋርጦ ያልፋል። ተሽከርካሪ ግን ጮቄን በምዕራብ በኩል ዞሮ፣ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳግም ይወጣል።

ይሁን እንጂ የበረራ ሰዓት ብቻውን የጉዞ ሰዓት አይደለም። ተጓዡ ቀድሞ ይደርሳል፤ ይፈተሻል፤ ጓዙን ይጠብቃል። ከሞጣ የሚነሣ መንገደኛማ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር መጀመሪያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ይኖርበታል።

በየብስ መንገዱ ላይ ያለው የጸጥታ ስጋት አቅም ያለውን ተጓዥ ወደ አውሮፕላን ገፍቶታል። ለከፍተኛ ሕክምና ለተላከ ታማሚ ይህች አንድ ሰዓት ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች። የጎጃም ጤፍና በቆሎ ግን በአውሮፕላን አይጫንም፤ ማዳበሪያም ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው በጭነት መኪና ነው። መንገዱ ሲዘጋ አምራቹ በርካሽ ለመሸጥ፣ ሸማቹም በውድ ለመግዛት ይገደዳል።

የበረራ ቁጥር መጨመሩ ተጓዡን ይጠቅማል። በማሳውና በገበያው መካከል ያለው ርቀት የሚያጥረው ግን የየብስ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው።