የ«ሞቅ ያለ ድምፅ» ዋጋ

«ወንድሜ፣ ይሄ ማዳመጫ ቤትህ ካለው ዕቃ ጋር አይጋባም» አለኝ ሻጩ። አነጋገሩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ አነጋገር ነበርና እኔም እንደ ሙሽራ አባት አንገቴን ደፍቼ፣ «ታዲያ ከማን ጋር ይጋባ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጣቱን ወደ መደርደሪያው አናት ቀሰረ። እዚያ ላይ ሁለት የመስተዋት ቫልቮች ብርቱካናማ ብርሃን የሚረጩበት አንድ አምፕሊፋየር ተቀምጧል። ዋጋው የማዳመጫውን እጥፍ ነው። «ይሄኛው ድምፁን ሞቅ ያደርግልሃል» አለኝ። ከፈልሁ። ጥሎሹን የጣልሁት እኔ፣ ድግሱን የበላው እሱ።

የሱቁን ስም አልጠራም። እሱ ባይለኝ ጎረቤቱ ያንኑ ይለኝ ነበርና ጠቤ ከሰውየው ጋር አይደለም። ጠቤ በዚህ ንግድ ውስጥ ከነገሠው ቋንቋ ጋር ነው። «ሞቅ ያለ»፣ «አየር ያለው»፣ «ሐር የመሰለ»፣ «መጋረጃው የተገለጠለት»... የሚወራው ስለ ጠላ ይሁን ስለ ነጠላ ወይስ ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ እስኪያደናግር ድረስ ቅጽሉ ይዥጎደጎዳል። ከነዚህ ቅጽሎች ጀርባ አንድ እምነት አለ። ውድ ማዳመጫ የገዛ ሰው «የሚመጥነውን» ውድ አምፕሊፋየር ካልገዛለት ማዳመጫውን ገና አልሰማውም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚስማማ የሚያውቁትም ጆሯቸው የተባረከ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚል እምነት። እኔ ግን እላለሁ፦ ማዳመጫንና አምፕሊፋየርን ማዛመድ ምስጢር አይደለም። ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው የሁለት መስመር ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ሲደበቅ የሚያተርፍበት ሰው ስላለ ብቻ ምስጢር መስሎ ኖሯል።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ሒሳብ እንጀምር። የገዛሁት ማዳመጫ የጀርመኑ ሴንሃይዘር በ2003 ለገበያ ያወጣው ኤችዲ 650 ነው። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ 300 ኦም ነው። ተራው ማዳመጫ 32 ኦም በሚሆንበት ዓለም 300 የሚለው ቁጥር ያስፈራል። ሻጩም ያስፈራራኝ በዚሁ ነበር፤ «ሦስት መቶ ኦም! ይሄን የሚገፋ ጉልበት ከየት ታመጣለህ?» አለኝ። እስቲ ጉልበቱን እንለካው። አምራቹ ራሱ እንደሚለው ይህ ማዳመጫ 1 ቮልት ሲደርሰው 103 ዴሲቤል ድምፅ ያወጣል። 1 ቮልት በ300 ኦም ላይ የሚጠይቀው ኃይል አንድ ዋት ለሦስት መቶ ሲካፈል ነው፤ ከ3 ሚሊዋት ጥቂት ፈቅ ያለ። ጉልበት የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

103 ዴሲቤል ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 103 ዴሲቤል ላይ የሚቀረን በሳምንት 12 ደቂቃ ገደማ ነው። የኦርኬስትራ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ለአፍታ ብድግ ብሎ ለሚወርደው ድምፅ መተንፈሻ ይፈልጋል፤ እሺ፣ 110 ዴሲቤል እንበልለት። ያን ጊዜም የሚያስፈልገው 2.2 ቮልት ገደማ ነው፤ 17 ሚሊዋት አይሞላም። አፕል ከ2018 ጀምሮ በ9 ዶላር የሸጠው፣ ከጣት የማይበልጥ የስልክ ማገናኛ ገመድ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው፣ 1 ቮልት ያህል ያወጣል። ከጆሮዬ ጋር ካልተጣላሁ በቀር ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ ይበቃኝ ነበር። ይህን ግን ያወቅሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ይበልጥ ጣፋጭ ነው፤ «ሙቀቱ» ያለው እዚህ ላይ ነውና። ማንኛውም አምፕሊፋየር የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ አለው። የሚያመነጨው ቮልቴጅ በዚህ በራሱ ኢምፒዳንስና በማዳመጫው መካከል እንደ ርስት ይካፈላል፤ ኦም የበዛለት ብዙ ይወስዳል። አሁን ደግሞ ሻጩ ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የማዳመጫዬ 300 ኦም በሁሉም ድምፅ ላይ 300 አይደለም። በቤዙ አካባቢ፣ 100 ሄርዝ ገደማ ላይ፣ ወደ 500 ይጠጋል። የባለ ቫልቩ አምፕሊፋየሬ የመውጫ ኢምፒዳንስ ደግሞ፣ በመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈው፣ 120 ኦም ነው። እንግዲህ አካፍሉ። 300ን ለ420፤ ማዳመጫው 71 በመቶ ያገኛል። 500ን ለ620፤ ወደ 81 በመቶ ያገኛል። ይህ ማለት ቤዙ ከሌላው ድምፅ በ1 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው።

«ሞቅ ያለ ድምፅ» ይኸው ነው! የሦስት ወር የጽሑፍ ክፍያዬን የወሰደው ሙቀት፣ በአባቶቻችን ራዲዮግራም ላይ «ቤዝ» ተብሎ የተጻፈበት ማዞሪያ ያለ ጭማሪ ዋጋ ይሰጠን የነበረው ነገር ነው። እርግጥ ቫልቭ ከዚህ ሌላ የራሱን ቅመም ይጨምራል፤ ሃርሞኒክ የሚባሉ፣ በቀረጻው ውስጥ ያልነበሩ ድምፆችን ያክላል። ይህን የሚወድ አለ፤ አትውደድ አልለውም። በርበሬ የሚወድ ሰው ግን በርበሬ እንደጨመረ ያውቃል፤ «የሽሮውን ትክክለኛ ጣዕም ገለጥሁት» ብሎ ዋጋ አይጨምርብንም።

120 ኦም ከየት መጣ ለሚል፦ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1996 ባወጣው ደረጃ፣ አይኢሲ 61938 በሚባለው፣ የማዳመጫ መውጫ 120 ኦም እንዲሆን መክሮ ነበር። ዛሬ መሐንዲሶች የሚይዙት ልማድ ሌላ ነው፤ የአምፕሊፋየሩ መውጫ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ ስምንተኛ እጅ እንዳይበልጥ ይላሉ። ለ300 ኦም ማዳመጫ 37 ኦም ግድም መሆኑ ነው። የዚያች የ9 ዶላር ገመድ መውጫ 1 ኦም አካባቢ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የተቃራኒውን ወገን እውነትም ልናገር፤ አምፕሊፋየር ለውጥ የማያመጣበት ቦታ የለም አላልሁምና። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ፣ በአንድ ትንሽ ቅርፊት ብዙ ድምፅ ማውጫ የታጨቀባቸው ማዳመጫዎች አሉ። የአንዱ ኢምፒዳንስ በ10 እና በ30 ኦም መካከል ይዋዥቃል እንበል። 120 ኦም ከሚያወጣ አምፕሊፋየር ጋር ሲገጠም ድርሻው ከ8 በመቶ በታች ተነሥቶ እስከ 20 በመቶ ይወጣል፤ ልዩነቱ ከ8 ዴሲቤል ይበልጣል። ይህ ሙቀት አይደለም፤ ሌላ ዘፈን ነው። የቻይናው ሃይፋይማን የሠራው ኤችኢ-6 ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኢምፒዳንሱ 50 ኦም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። 110 ለመድረስ ወደ 450 ሚሊዋት ይፈልጋል፤ ከእኔው ማዳመጫ 27 እጥፍ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ግዛ የሚለኝን ሰው አመሰግነዋለሁ። አስተውሉ ግን፤ 300 ኦሙ በቀላሉ ይነዳል፣ 50 ኦሙ ያስቸግራል። «ኦም በበዛ ቁጥር ጉልበት ይብዛ» የሚለው የሱቅ ትምህርት እዚሁ ላይ ይፈርሳል። የጃፓኑ ስታክስ የሚሠራቸው ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫዎችም 580 ቮልት የሚሰጥ የራሳቸው ልዩ መሣሪያ ካልተገጠመላቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሴንሃይዘር በ2015 ያስተዋወቀው ኤችኢ 1 ደግሞ አምፕሊፋየሩን አብሮ ይዞ፣ በካራራ እብነ በረድ ተለብጦ፣ በ50 ሺህ ዩሮ አካባቢ ቀርቧል። እብነ በረዱ ለድምፁ ይሁን ለመቃብሩ የገዛው ይንገረን።

ይህን ሒሳብ ከእኔ በፊት በግልጽ የተናገረ ሰው ነበር። ስሙን የሸሸገ አንድ መሐንዲስ በ2011 ኦ2 የሚባል የማዳመጫ አምፕሊፋየር ነድፎ፣ ንድፉን ከነመለኪያ ውጤቱ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጠ። የመውጫ ኢምፒዳንሱ ግማሽ ኦም ያህል ነው፤ ክፍሎቹ ርካሽ ናቸው፤ ሲለካም ብዙ እጥፍ ከሚሸጡት አያንስም። ሰውየው በ2012 ድምፁን አጠፋ፤ የት እንደገባም አይታወቅም። ዕቃው ግን ዛሬም ይሠራል።

«ቁጥር ቁጥር ነው፤ ዳኛው ጆሮ ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። የእርሱ አምፕሊፋየር የእኔን አራት እጥፍ ያወጣል። ጆሮ ዳኛ ነው፤ ነገር ግን ጉቦ የሚበላ ዳኛ ነው። ከሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች አንዱን በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብታደርጉት ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ» ይላል። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳኛውን ለመፈተን ተቀመጥን። የድምፁን መጠን በቮልት መለኪያ አስተካከልን፣ ዕቃዎቹን ጋቢ አለበስናቸው፣ አንዳችን ስንቀያይር ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ አዳመጠ። መጀመሪያ የወዳጄን አምፕሊፋየርና የ9 ዶላሯን ገመድ አወዳደርን። እርሱ ከ20 ጊዜ 11 ጊዜ ለየ፤ እኔ 9 ጊዜ። ሳንቲም ብንወረውርም ከዚህ አንርቅም ነበር። ቀጥሎ የእኔ ባለ ቫልቭ ገባ። እሱን 17 ጊዜ ለየሁት፤ ወዳጄም ጠረጴዛውን መትቶ «ይኸውልህ!» አለ። «ቆይ» ብዬ በገመዷ በኩል ቤዙን በ1 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁና እንደገና ጀመርን። ወደ 12 ወረድሁ። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ ማውራት መረጠ።

ይህ ሁሉ የባለ ገንዘቦች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ባለፈው ክረምት ግን የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። አሜሪካ ያለ አጎቱ ኤችዲ 600 ልኮለታል፤ በ1997 የወጣውን፣ የእኔው ታላቅ ወንድም የሆነውን። «ጋሼ፣ ልሸጠው ነው» አለኝ። ለምን ብለው፣ ለእሱ የሚሆን አምፕሊፋየር የመግዛት አቅም እንደሌለው፣ በስልክ ማዳመጡ ዕቃውን ማዋረድ እንደሆነ ሰዎች እንደነገሩት አወጋኝ። ቀጥሎ ያለውን ግን ልረሳው አልቻልሁም፤ «ደግሞ እኔ ልዩነቱን አልሰማም፤ ጆሮዬ ደካማ ነው መሰለኝ።» ጆሮው ደህና ነበር። የሌለውን ልዩነት ስላልሰማ በራሱ ጆሮ አፈረ። ያ የቅጽል ንግድ ከሰው የሚወስደው ገንዘቡን ብቻ አይደለም።

ምን እንደሚያዳምጥ ጠየቅሁት። አምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው በአምሃ ሬከርድስ ዘመን የታተሙ ዘፈኖችን ይወዳል። ከፍቶ አሰማኝ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ስልክ ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ ነው፤ ሳክስፎኑ ከእንፋሎት ጀርባ እንደቆመ ሰው ደብዝዟል። አምስት ግልባጭ የበላውን ድምፅ የትኛውም አምፕሊፋየር፣ እብነ በረድም ቢለብስ፣ አይመልሰውም። ከዋናው የተወሰደ ንጹሕ ቅጂ አስገባሁለትና በዚያው ስልክ፣ በዚያው ማዳመጫ አዳመጠ። «ቤዙ እዚህ ጋ እንዲህ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለና ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረው።

ማዳመጫውን አልሸጠውም። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ፣ ቮልት መለኪያዬንም አውሼ ሰደድሁት። ዕቃ ከውጭ ከሚያስመጣ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ፣ «የመውጫ ኢምፒዳንሱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነጋዴው፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ በቁጥር የሚነገር ነገር አይደለም» አለው። ልጁም አመስግኖ ወጣ። ቮልት መለኪያዬን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።