ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው ያለው?

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ "ቁልፍ ጠፋ" ሲባል ማንም አይደነግጥም። ሾፌሩ ኪሱን ይደባብሳል፣ ረዳቱ ወንበር ስር ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ተራ አስከባሪው "ምሳ የበላህበት ቤት ሂድና እይ" ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉ ማስነሻው ላይ እንደተሰካ በሩ ይቆለፍና ሽቦ የያዘ ልጅ ይጠራል። ተሳፋሪው ሂሳብ ከፍሎ፣ ሻንጣው ጣሪያ ላይ ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ነገሩ በሳቅ ያልፋል።

ቁልፍ መጥፋቱ በማንም ላይ ይደርሳል። የሕዝብ ማመላለሻ መኪናን በአንድ ቁልፍ ብቻ ማሠራት ግን ዕድል አይደለም፣ ምርጫ ነው።

የምርጫው ምክንያትም ይታወቃል። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ሾፌሩ ባለቤት ያልሆነባቸው ሚኒባሶች ጥቂት አይደሉም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ገንዘብ የላከ ወንድም ነው። ሾፌሩን ስለማያምን ሁለተኛውን ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ባለቤትና ሾፌር አለመተማመናቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ከዱራሜ ተነስቶ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በቀጠሮ የሚሄደው ታማሚ ነው።

"ቀራጭ ጋ ሄዶ ማስቀረጽ ነው" የሚል መልስ አለ። ለድሮዎቹ ቶዮታዎች ልክ ነበር፤ በሞረድ ይጨረስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች የስርቆት መከላከያ ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው አስገድዷል፤ ዛሬ ብዙ መኪና ይህ አለው። ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ መኪናው ካላወቃት፣ የተቀረጸው ብረት በር ይከፍታል እንጂ ሞተር አያስነሳም። አንድ የሚሠራ ቁልፍ እያለ ሌላ ማስመዝገብ ቀላል ነው። የመጨረሻው ከጠፋ በኋላ ግን ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ መፈለግ ሊመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናም አያድንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በርካቶች በሪሞት የሚከፈት መኪና ይዘዋል። የሪሞቱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ በር ላይ ቆሞ የሚጨነቀው ሰው፣ በብዙዎቹ ሪሞቶች ውስጥ የብረት ቁልፍ ተደብቆ እንዳለ የነገረው የለም።

እስካሁን የተባለው የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሕይወት ጉዳይም አለ። እናት "አንዴ ውሃ ልግዛ" ብላ ትወርዳለች፣ የተኛው ሕፃን ውስጥ ይቀራል፣ በሩ ይቆለፋል። "ሆሳዕና ደጋ ናት፣ ምን ይሆናል?" የሚል ሰው ይህን ይስማ፦ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሕፃናት ሕክምና ጥናት፣ ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ፀሐያማ ቀን የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። 22 ዲግሪ ለሆሳዕና የተለመደ ቀን ነው። ሕፃን ውስጥ ካለ ሽቦ የያዘውን ልጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከሕፃኑ የራቀውን የጎን መስታወት ጥግ ጥግ መትቶ መስበር ነው። የፊቱ መስታወት በቀላሉ አይበሳም።

ተሳፋሪው ራሱ የሚቆለፍበትም አለ። የውስጥ እጀታው ተነቅሎ፣ ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚከፍተው ተንሸራታች በር ለመንገደኛ እንግዳ አይደለም። መኪናው ቢገለበጥ ወይም እሳት ቢነሳ፣ ረዳቱም ራሱን ቢስት፣ ማን ይከፍተዋል? እንዲህ ያለው መኪና ቦሎ እንዴት ይለጠፍለታል?

"ወጪው ከበደን" የሚሉ ባለንብረቶች ይኖራሉ። ኑሮው መክበዱ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ትርፍ ቁልፍ ወጪ አንዴ ነው፤ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን ገቢ፣ የሚሰበረው መስታወትና የባለሙያው ክፍያ ከዚያ ይበልጣል። ሾፌሩን የማያምን ባለቤት ቁልፉን ለማኅበሩ ቢሮ አሽጎ፣ አስፈርሞ ይስጥ።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ማኅበራት ትርፍ ቁልፉ ቢሮ ያልተመዘገበለትን መኪና ተራ አያስይዙ። መናኸሪያው በሩ በሩብ ሰዓት ካልተከፈተ ተሳፋሪውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደሚቀጥለው መኪና ያዛውር። መርማሪው የውስጥ እጀታ የሌለውን በር ይመልስ።

መስከረም ሲጠባ ያሆዴና መሳላ ይመጣሉ፤ መናኸሪያው ሰው በሰው ይሆናል። ያን ቀን ቁልፍ ፍለጋ ወንበር ስር መጎንበስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ተሳፋሪ ሆይ፣ ሂሳብ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ፦ ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው ያለው?